ሰው ሳይቀመጥባት የታሰረች ውይይት

ኮልፌ ውስጥ፣ ጋሽ ደበላ ጋራዥ የገባች መኪና ሰው ሳይቀመጥባት አትታሰርም ነበር። ይህን የማያውቅ ካለ የኮልፌ ሰው ነኝ አይበል። ሥራው አልቆ፣ ጎማው ገብቶ፣ መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ መሬት ስትረግጥ ጋሽ ደበላ ዘይት የጠገበ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ አጥሩ ብቅ ይሉና፣ "ኧረ ጎረቤት፣ ኑ ተቀመጡልን" ይላሉ። ያን ጊዜ ሽንኩርት የምትከትፈው ቢላዋዋን፣ ጥጥ የምትፈትለው እንዝርቷን፣ ዳማ የሚጫወተው ጠጠሩን ጥሎ ይመጣል። መኪናዋ እስክትጠግብ ይሞሉባታል። ጋሽ ደበላ ከሥር ገብተው ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ያጠብቃሉ። ከላይ ያለው ሰው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ ያስነጠሰ ወዮለት።

እንዲያው ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ምክንያት አለው። የመኪና እግር፣ ብራቾ የሚሉት፣ ከአካሏ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ጎሚኒ የሚባል የላስቲክ ቀለበት ይገባል። ላስቲኩ ከውስጥም ከውጭም ብረቱን ነክሶ የያዘ ስለሆነ አይዞርም። ብራቾው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ይጠመዘዝና ይመለሳል፣ ሥራው ይኸው ነው። እንግዲህ መኪናዋ ተሰቅላ፣ እግሯ ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑን ካጠበቁት፣ መሬት ስትወርድ ላስቲኩ ገና ከመነሻው ተጠምዝዞ ይቀራል። እንደዚያ ተጨንቆ የሚውል ላስቲክ አይከርምም፣ ይቀደዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ይሞላባታል፣ በጭነቷ ልክ ዝቅ ትላለች፣ ቡሎኑም ያን ጊዜ ይጠብቃል። የኮልፌ ሰው መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ "እቺን እኮ እኛ ነን ያሰርናት" እያለ የሚጀነነው በዚህ ነው።

ከተቀማጮቹ ሁሉ አለቃዋ እትዬ በላይነሽ ነበሩ። የእድሩ ሴቶች መሪ ናቸው፤ ድንኳን ሲተከል የሚያዙ፣ ወጡን የሚቀምሱ፣ ሰው ሲጣላ የሚገስጹ። ቦታቸው ጋቢና ነው፣ ማንም አይቀማቸውም። ክብደታቸውን እንደ ሌላው ሴት አያፍሩበትም፣ እንዲያውም ይመኩበታል። "እኔ ያልተቀመጥኩባት መኪና ገና ጥጃ ናት" ይሉ ነበር።

አጸደ ያን ጊዜ ከኮልፌ ጦር ኃይሎች የምትመላለስ ውይይት ነበረቻት። ውይይት ማለት ያችው ፔጆ ናት። ኋላዋ ላይ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተደርድሮ፣ ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ የሚሄድባት፣ ሲሄድም የሰውን ገበና ሲፈትሽ የሚውልባት። ባሏ ተክለማርያም ሲሞት ዘመድ ሁሉ ሽጪያት አላት። "ሞቼ እገኛለሁ" አለችና መንጃ ፈቃድ አውጥታ ራሷ መሪ ጨበጠች። ጦር ኃይሎች የሚሰለፉት ሾፌሮች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "እቺ ደግሞ መሪ ነው ማማሰያ የያዘችው?" ያለም ነበር። የኮልፌ ሰው ግን እንደ ልጁ አያት። አጸደ ሾፌር ተብላ የተጠራችው ኮልፌ ስለተሳፈረላት ነው፣ እሷም ይህን ቀንም ሌሊትም አትረሳውም። ኮልፌ ፊቱን ቢያዞርባት ጦር ኃይሎች ላይ ቆማ ሰው የምታይበት ዓይን እንደማይኖራት ታውቃለች።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው፣ ቤንዚን በኩፖን፣ መለዋወጫ በሕልም። የፔጆ ጎሚኒ ከጠፋ ሰንብቷል። ጋሽ ደበላ ምን ያድርጉ፣ እንደ በረባሶ ከከባድ መኪና ጎማ እየቆረጡ ይሰኩ ነበር። እሱ ደግሞ በኮልፌ መንገድ አንድ ክረምት እንኳ አይዘልቅም። ሰኔ ሲገባ የአጸደ መኪና ፊቷ ይንኳኳ ጀመር። ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ትስባለች፣ ጉድጓድ ሲያገኛት ትወላገዳለች። አጸደ መሪዋን ከሁለት እጇ አልፋ በትከሻዋ ጭምር ይዛ ነበር የምትነዳው።

ታዲያ አንድ ቀን ጀማል፣ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚሠራው ጎረቤታቸው፣ ተሰንጥቆ የተጣለ የዕቃ ጋሪ ጎማ ይዞ ጋሽ ደበላ ጋ መጣ። ጎማው ማር የመሰለ ቢጫ ነው። ላስቲክ እንዳይባል ይጠነክራል፣ ፕላስቲክ እንዳይባል ይለምጣል። በመዶሻ ቢመቱት መዶሻውን መልሶ ያነጥረዋል።

"ስሙ ፖሊዩሬቴን ነው" አለ ጀማል።

"ስሙን ተወው" አሉ ጋሽ ደበላ በጥፍራቸው እየሞከሩት፤ "ቶርኖ ላይ ይቆማል ወይ ነው ጥያቄው።"

አልቆመም። ቶርኖው እያሽከረከረው የመቅረጫው ቢላ ሲነካው ይሸሻል፣ ሲሞቅ ያብጣል፣ እንደ ማስቲካ ይሳባል። ሌላ ሰው ቢሆን እንደ መጣበት ይሰደው ነበር። ጋሽ ደበላ ግን በሥራ የተናነቃቸውን ነገር አይለቁም። ቢላውን እንደ ምላጭ ሳሉት፣ ቢጫውን ደግሞ ጥሩሰው መጠጥ ቤት ወስደው ፍሪጅ ውስጥ አሳደሩት። ጠጪው ሁሉ አይብ መስሎት ይጠይቅ ነበር አሉ። በጠዋት ከነቅዝቃዜው ቶርኖው ላይ ሲያስሩት እሺ ብሎ ተቆረጠ።

ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ሁለት ግማሽ አወጡለት፣ ግማሾቹም በአንድ ጎናቸው ባርኔጣ የመሰለ ከንፈር አላቸው። አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ የብራቾው ዓይን ውስጥ ይገባና መሐል ላይ ይገናኛሉ። በመሐላቸው አጭር የብረት ቱቦ ያልፋል። ቱቦውን ከቢጫው በጥፍር ስፋት አስረዝመው ነው የቆረጡት። አጸደ አጠገባቸው ቆማ እያንዳንዷን ስታይ ዋለች። ሰው የራሱን ልጅ ልብስ ሲሰፋ እንደሚያይ ነበር የምታየው።

ከዚያ ነው ነገር የመጣው።

መኪናዋ ገና በክሪክ እንደተሰቀለች ጋሽ ደበላ ከሥር ገቡና ቡሎኖቹን ጥርቅም አድርገው አሰሯቸው። ከአጥሩ ወዲያ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል። እትዬ በላይነሽማ ነጠላቸውን ቀይረው ነው የመጡት። ጋሽ ደበላ ከሥር ወጥተው ክሪኩን አወረዱ፣ መፍቻቸውን ሰብስበው እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ።

"ምነው ደበላ፣ አንቀመጥም እንዴ?" አሉ እትዬ በላይነሽ።

"ዛሬ አያስፈልግም።"

"እንዴት አያስፈልግም? መቼ ነው አያስፈልግም ተብሎ የሚያውቀው?"

"አያስፈልግም አልኩ፣ እትዬ በላይነሽ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።"

እንዲህ ነው የሚባለው? ለአንድ ሰፈር ሰው፣ ያውም ለእትዬ በላይነሽ? ጋሽ ደበላ እጃቸው ወርቅ ነው፣ ምላሳቸው ግን ሞረድ ነው። ሁለት ቃል ቢያስረዱ ምን ይጎድልባቸው ነበር? እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ሄዱ፣ ሰዉም ተከትሏቸው ተበተነ። አጸደ አይታለች፣ ከፍቷታልም። ግን ቁልፉን ይዛ መንገድ ስትወጣ ሁሉን ረሳችው።

መኪናዋ ሌላ ሆናለች። መሪውን ወዳዞረችበት እሺ ትላለች፣ ፍሬን ሲያዝ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ዳገቱ ሥር ያለው ኩርባ፣ ሁሌ ልቧን የሚያንጠለጥለው፣ አንድ እጇን መስኮቱ ላይ አድርጋ አለፈችው። ጦር ኃይሎች ስትደርስ በዛብህ፣ ያ ቀልደኛ ሾፌር፣ መኪናዋ መስመር ስትይዝ አይቶ፣ "አዲስ ገዛሽ እንዴ?" አላት። አጸደ ያን ዕለት ቤቷ የገባችው በእግሯ አይመስላትም ነበር።

ሳምንትም ሳይሞላ ሲጢጥ አለች።

መጀመሪያ ቀስ ብላ ነው። ጉድጓድ ስትገባ ሲጢጥ፣ ስትወጣ ሲጢጥ። ውላ አድራ ባሰባት። ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ የወጣ ቀን ከሆነማ የኮልፌን ዳገት እንደ አሮጌ አልጋ እየጮኸች ነበር የምትወጣው። ኋላ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ሥራው ውይይት ነው። በጋቢናዋ ትንሽ መስኮት በኩል ሁሉም ይሰማታል።

"ምን ሆና ነው?"

"አልሰማህም? ሰው ሳይቀመጥባት ታስራ እኮ ነው።"

"በተሰቀለችበት ነው አሉ ያሰሯት።"

"እንዲህ የምታለቅስ መኪና አንድ ቀን እግሯን ጥላ ትሄዳለች።"

እትዬ በላይነሽ መኪናዋን ማንም እንዳይሳፈርባት አላሉም፣ እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው አይወጣም። እሳቸው ብቻ መሳፈር ተዉ። እሑድ ከቀበሌው ስብሰባ መልስ ሰዎች ሲጠይቋቸው፣ "እኔ ያላሰርኳት መኪና አይደለች እንዴ፣ ምኗን አውቃለሁ?" አሉ። ይኸው በቃ። እትዬ በላይነሽ አላውቃትም ያሉትን ማን ያውቃል? በማግስቱ ግማሹ ሰው ቀረ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ፌርማታው ላይ ስትቆም የሚያውቋት ሰዎች ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ሰላምታ አይነፍጓትም፣ "እንደምን አደርሽ አጸደ" ይላሉ፣ ከዚያ የበዛብህ መኪና ውስጥ ይገባሉ። በዛብህም መስኮቱን አውርዶ፣ "አጸደ፣ መኪናሽ ማኅሌት ቆመች አሉ" ይላታል። እሷ ጥርሷን ነክሳ ባዶዋን ትወርዳለች።

ባዶ መኪና መንዳት ይከብዳል። ሰው የሌለባት መኪና ሰው ሞልቶባት ከምትሄደው ይልቅ መሪዋ የሚከብድ መሰላት። ቤቷ ገብታ አለቀሰች፣ ልንደብቀው አንችልም። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ጋሽ ደበላ ጋ ሄደች።

"ጋሼ፣ ሰዎቹን ይጥሩልኝና እንደገና ይሰሩልኝ" አለች።

"ምን ሲደረግ?"

"ይቀመጡባትና ይሰሩልኝ። ምን ይጎዳዎታል?"

ጋሽ ደበላ ተቆጡ። ቁጣቸው ከፍ ያለ አይደለም፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ነው። አንድ የተረፈ ቢጫ ግማሽ አነሱና ቱቦውን አጠለቁበት።

"ነይ እዪ። ቡሎኑ ሲጠብቅ የሚይዘው ይቺን ብረት ነው። ለዚህ ነው ከቢጫው ያስረዘምኳት። ብረቷ ታስራ ትቀራለች፣ ንቅንቅ አትልም። ቢጫው ደግሞ ከብራቾው ጋር ሆኖ ብረቷ ላይ ይዞራል። እንደ ድሮው ጎሚኒ አይጠመዘዝም፣ ይዞራል። የሚዞር ነገር ተሰቅሎ ቢታሰር፣ መሬት ላይ ቢታሰር፣ ንጉሥ ቢቀመጥበት ምን ልዩነት አለው? ሰው የማስቀምጠው ለላስቲክ ነው። ለዚህ ሰው ባስቀምጥ ማታለል ነው፣ እኔ ደግሞ አላታልልም።"

"ታዲያ ለምን ትጮሃለች?"

"ትለምዳለች" አሉ ጋሽ ደበላ። ይህን ሲሉ ግን ዓይኗን አላዩም።

አጸደ አመነቻቸው። ቢጫውን በእጇ ብረቱ ላይ አዙራው ነበር፣ መዞሩን አይታለች። ግን እምነት ጩኸት አያስቆምም፣ ተሳፋሪም አይመልስም። ወደ ቤቷ ስትመለስ ከሁለት ያጣች ሆና ነው የተመለሰችው፣ ከሰፈሩም ከጋሽ ደበላም።

ሐምሌ ገባና ዝናቡ ቀን ከሌሊት ያዘው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከጦር ኃይሎች ተነስታ፣ ሦስት የማታውቃቸውን ተሳፋሪዎች ይዛ ስትወጣ፣ ጎርፉ መንገዱን ሞልቶ ውኃው እስከ ጎማዋ ግማሽ ደረሰ። ተሻግራ ዳገቱን ጀመረች። ጉድጓድ መታት። አጸደ ጆሮዋን አቁማ ጩኸቱን ጠበቀች፣ ሾፌር ከሚጠላው ድምፅ ጋር እንደዚህ ነው የሚኖረው፣ ሳይመጣ ይሰማዋል። አልመጣም። ሁለተኛም መታት። ዝም።

ቤቷ ደርሳ ሞተሩን ካጠፋች በኋላም ከመኪናዋ አልወረደችም። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጣ፣ መንገዱ ደረቀ፣ መኪናዋም ሲጢጥ አለች። ማታ ዘነበ፣ ዝም አለች። አጸደ የሾፌር ጆሮ አላት፣ ጆሮዋ የያዘውን ነገር ደግሞ እንደ ሌላው ሰው በቀላሉ አትለቅም። በሦስተኛው ዝናብ ላይ ገባት። ስትረጥብ ዝም የምትል ከሆነ የምትጮኸው ደርቃ ነው። መኪናዋን አዙራ በቀጥታ ጋራዡ ገባች።

"ጋሼ፣ ይዞራል ብለውኝ የለም?"

"ይዞራል።"

"ብረት ላይ?"

"አዎ፣ ብረት ላይ።"

"ሲያስገቡት ምን ቀቡት?"

ጋሽ ደበላ ሳቁ። "ጎሚኒ ግራሶ አይወድም፣ ልጄ። ላስቲክ ግራሶ ከነካው ያብጥና ይበሰብሳል። ይሄን እኮ የትኛውም..."

"ጎሚኒ አይደለም ብለውኝ የለም?" አለች አጸደ። "አይጠመዘዝም፣ ይዞራል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የሚዞር ነገር በደረቁ ብረት ላይ ሲዞር አይጮህም?"

ጋሽ ደበላ መፍቻቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ላስቲክ ሲያስገቡ ኖረዋልና፣ እጃቸው በልማዱ ቱቦውን በጨርቅ ጠርጎ፣ አድርቆ፣ አንድ ጠብታ እንዳይነካው ተጠንቅቆ ነበር ያስገባው። ለአዲሱ ነገር አዲስ አሠራር አውጥተው ግማሽ መንገድ ላይ ወደ አሮጌው ተመልሰዋል። "አይ ደበላ፣ አይ ደበላ" አሉ ለራሳቸው።

ደግሞም አልቸኮሉም፣ ለዚህ ነው እሳቸው ጋሽ ደበላ የሆኑት። ከተረፈው ቢጫ ቁራሽ ቆርጠው ግራሶ ውስጥ ቀበሩት፣ አጠገቡ ደግሞ የላስቲክ ቁራሽ ቀበሩ። አጸደ በየቀኑ እየመጣች ታያለች። ላስቲኩ እንደተባለው አበጠ፣ በጣት ሲነካ ይፈረፈር ጀመር። ቢጫው ግን እንደገባ ወጣ፣ ቢላ ቢፈትነውም ያው ነው።

"ነገ ጠዋት አምጪያት" አሉ ጋሽ ደበላ። "ግራሶ ቀብቼ እመልሰዋለሁ፣ አንድ ሰዓትም አይፈጅም።"

"አመጣታለሁ። ግን ሰፈሩ ይጠራ።"

"አሁንም? ምን ሊሠሩ? ሰው ቢቀመጥ ባይቀመጥ ልዩነት እንደሌለው አሁን ራስሽ አውቀሽዋል።"

"ለመኪናዋ ላያስፈልጓት ይችላሉ፣ ጋሼ" አለች አጸደ። "እኔ ግን ያስፈልጉኛል። እርስዎ መኪና ነው ያሰሩት። እኔ ሰው ፈትቼ ቀረሁ።"

ጋሽ ደበላ የዚያን ዕለት ማንንም አልላኩም። ኮታቸውን ለብሰው፣ ያንን የሚያከብሩትን ግራጫ ኮት፣ ራሳቸው እትዬ በላይነሽ ደጅ ሄዱ። ጋሽ ደበላን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ አፉን ይይዛል፤ ቀበሌ ጠርቷቸው እንኳ ኮት ለብሰው የሄዱበት ቀን የለም።

"እትዬ በላይነሽ" አሉ በሩ ላይ ቆመው፣ "ሁለት ጥፋት አጥፍቻለሁ። አንዱን በመኪናዋ ላይ፣ አንዱን በእናንተ ላይ። የመኪናዋን ነገ አቃናለሁ።"

"የኛንስ?"

"እሱን ነው ላቃና የመጣሁት።"

በማግስቱ አጥሩ አልበቃ አለ። ጋሽ ደበላ ቡሎኑን ፈቱ፣ ቢጫውን አወጡ፣ ደረቅ ሆኖ ብረቱ ላይ የጫረውን ለሁሉም አሳዩ። ያበጠውን ላስቲክና ደህናውን ቢጫ ቁራሽ ሰው እጅ በእጅ ተቀባበለው። ከዚያ ቱቦውን ግራሶ ቀቡና መለሱት፣ ቡሎኑን በኃይል አጠበቁት። ብራቾውን ገና ከጎማው በኩል አላያያዙትም።

"እትዬ በላይነሽ፣ ይምጡ፣ በእጅዎ ያንሡት።"

እትዬ በላይነሽ ጎንበስ ብለው ብራቾውን ወደ ላይ አነሡትና ለቀቁት። ቡሎኑ እንዲያ ታስሮ ሳለ፣ ብራቾው በገዛ ክብደቱ ቀስ ብሎ፣ ኮሽ ሳይል ወረደ። እንደገና አነሡት። ወረደ። ሦስተኛ ጊዜ ያነሡት ለጨዋታ መሰለኝ።

"ታዲያ ይሄን ያን ቀን ብታሳየኝ ምን ነበረበት?"

"ኩራት ነዋ፣ እትዬ በላይነሽ።"

"ኩሩ አንተ ብቻ መሰለህ?" አሉ። ሰዉ ሳቀ፣ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ ቀና ብለው አጸደን አዩዋት። "ይህቺን ስህተት ያገኘችብህ ልጃችን ናት አሉ፣ እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አሉ ጋሽ ደበላ። "እኔ መኪናዋን ሠራሁ። የሰማቻት እሷ ናት።"

አጸደ መሬት መሬት አየች። ልቧ ግን መሬት ላይ አልነበረም፣ ደረቷ ሞልቶ ልብሷ የጠበባት መሰላት። ተክለማርያም ኖሮ ይህን ቃል ቢሰማ ብላ ተመኘች።

"ደግ" አሉ እትዬ በላይነሽ፤ "ግን ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። እጄ አምኗል፣ ጆሮዬ ይቀራል።" ጋቢና ገብተው ተቀመጡ። ከኋላ ሰዉ ተጋፍቶ ሞላ፣ የቀረውም ተንጠለጠለ።

አጸደ ወደ ሳንሱሲ በሚወስደው ኮረኮንች ነዳቻቸው፣ ሆን ብላ ጉድጓድ እየመረጠች። ያች መኪና ውይይት ከተባለች ጀምሮ እንደዚያ ቀን ዝም ተብሎባት አያውቅም። ጉልበት ለጉልበት የተቀመጠው ሰው ሁሉ አንገቱን አዘንብሎ ያዳምጣል። ጉድጓድ መታት፣ ሰዉ ዘለለ፣ ምንም አልተሰማም። ትልቁ ቦይ መጣ። ፊቷ ሰመጠ፣ ተነሣ፣ ቀጥ ብላ ወጣች። ኮሽ አላለችም። ከኋላ አንድ ሰው "እልል በሉላት እንጂ" ቢል ዕልልታው የመኪናዋን ጣሪያ ሊያነሣው ደረሰ። እትዬ በላይነሽ ግን እልል አላሉም፣ መሪው ላይ ያለውን የአጸደን እጅ ብቻ ሲያዩ ነበር።

በማግስቱ ሰኞ አጸደ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ዋለች። ኩፖኗን ጨብጣ ቆማ ቀኑ መሸባት፣ ወደ ጦር ኃይሎች ስትደርስ ሰው ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት አልፎ ነበር። ዝናቡ ደግሞ ያወርደዋል። በዚህ ዝናብ ማንም እኔን ብሎ አይቆምም፣ ባዶዬን መግባቴ ነው አለች በሆዷ። አልፈረደችባቸውም። በእንዲህ ያለ ዝናብ የተገኘው መኪና ውስጥ መግባት ነው።

ተራው ላይ የቆመው የበዛብህ መኪና ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። በዛብህ ራሱ ወርዶ፣ ጋዜጣ አናቱ ላይ ዘርግቶ፣ "ኮልፌ፣ ኮልፌ" እያለ ይጣራል። ከመኪናው አጠገብ ደግሞ የኮልፌ ሰው ተሰልፎ ቆሟል። ነጠላው ከሰውነቱ ላይ ተጣብቋል፣ ውኃው በጫማው ይገባል። አንድም ሰው አልተነቃነቀም። ከሰልፉ ፊት እትዬ በላይነሽ ነበሩ፣ ዘንቢላቸውን በሁለት እጃቸው ታቅፈው።

"ኧረ እማማ፣ በሰበሱ እኮ" ይላል በዛብህ። "ይግቡ እንጂ፣ ምን ይጠብቃሉ?"

"ሂድ ልጄ፣ አንተ አትቸገር" አሉት እትዬ በላይነሽ። "እኛ የራሳችን አለን።"

አጸደ መኪናዋን አስጠግታ አቆመች። ዝናቡ ውስጥ ወርዳ የጋቢናውን በር ለእትዬ በላይነሽ ከፈተችላቸው።